አፈሩ ስንት ውሃ ይዟል? የዳታሎገር ሥራ ማስታወሻ

ቀን 1

የአትክልት መደቡን በየቀኑ አጠጣለሁ። ላዩ ሁሌ እርጥብ ነው። ቅጠሉ ግን ቀትር ላይ ይጠወልጋል። ጣቴን ከትቼ የምዳስሰው የላይኛውን ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ነው፤ ሥሩ ያለበት ቦታ ውሃ ይድረሰው አይድረሰው የማውቅበት መንገድ የለኝም። ስለዚህ ይህን የሚነግረኝ ዳታሎገር፣ ማለትም ራሱ እየለካ የሚመዘግብ መሣሪያ፣ ልሠራ ተነስቻለሁ።

ሐሳቡ ይህ ነው። የአፈር እርጥበት የሚለኩ ሁለት ሴንሰሮች እቀብራለሁ፣ አንዱን 10፣ ሌላውን 30 ሴንቲሜትር ጥልቀት ላይ። መሣሪያው በየ15 ደቂቃው ራሱ ይነቃል፣ ይለካል፣ ኤስዲ ካርድ ላይ ይጽፋል፣ ተመልሶ ይተኛል። ስክሪን የለውም፣ ኢንተርኔት የለውም። በሦስት ባትሪ ድንጋይ ወራት መቆየት አለበት።

ያሉኝ ዕቃዎች፦ የ3.3 ቮልቱ አርዱይኖ ፕሮ ሚኒ (ኮድ የሚጫንበት ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ)፣ ዲኤስ3231 የሰዓት ሞጁል፣ የኤስዲ ካርድ ማስገቢያ፣ ሦስት ካፓሲቲቭ ሴንሰር (አንዱ ለመጠባበቂያ) እና ውሃ የማያስገባ ሳጥን።

ሴንሰር ስመርጥ ብዙ አላመነታሁም። ሁለት ጥርስ ያለው፣ በአፈሩ ውስጥ ቀጥታ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ዓይነት አለ። እሱን አልፈለግኩም። ኤሌክትሪኩ ጥርሱን ቀስ በቀስ ይበላዋል፣ ከዚያ ቁጥሩ የእርጥበቱን ሳይሆን የዝገቱን ነገር ማውራት ይጀምራል። ካፓሲቲቩ ግን መዳቡ ተሸፍኗል፣ ከአፈሩ ጋር አይነካካም። የሚያየው በዙሪያው ያለው ነገር ቻርጅ የማስያዝ አቅሙ ምን ያህል እንደሆነ ነው። ይህ አቅም ዳይኤሌክትሪክ ኮንስታንት በሚባል ቁጥር ይገለጻል፤ ለአየር 1፣ ለደረቅ የአፈር ማዕድን ከ3 እስከ 5 አካባቢ፣ ለውሃ ደግሞ 80 ገደማ ነው። ልዩነቱ ሰፊ ስለሆነ አፈሩ ውስጥ ትንሽ ውሃ ሲገባ ሴንሰሩ ይሰማዋል።

ዲኤስ3231ን የወደድኩት ሰዓቱን ከሙቀት ጋር ራሱ ስለሚያስተካክል ነው። ከ0 እስከ 40 ዲግሪ ድረስ ስህተቱ በሚሊዮን 2 ነው፣ በዓመት አንድ ደቂቃ ገደማ ማለት ነው። የቀድሞው ዲኤስ1307 ይህ ማስተካከያ የለውም፣ ውጭ ፀሐይና ብርድ ሲፈራረቅበት ሰዓቱ ይዛነፋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ይህ ሞጁል ብዙ ጊዜ ባትሪ ቻርጅ የሚያደርግ መስመር አብሮት ይመጣል፣ ሰው ደግሞ ቻርጅ የማይደረገውን ሲአር2032 ክብ ባትሪ ይከትበታል። በ5 ቮልት ሲሠራ ይህ አደገኛ ነው። እኔ የማሠራው በ3.3 ቢሆንም ወደ ባትሪው የምትወስደውን ትንሿን ሪዚስተር በመበየጃ አነሳኋት። ሳጥኑ ሰው ሳያየው ውጭ የሚያድር ነው፣ በዚህ ዕድሌን አልሞክርም።

ቀን 2

ሦስቱንም ሴንሰሮች ጠረጴዛ ላይ ፈተንኩ። መጀመሪያ በአየር፣ ቀጥሎ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ እስከ ምልክቱ ድረስ። የአርዱይኖው ንባብ 10 ቢት ነው፣ ከ0 እስከ 1023። ሴንሰሩ ሲደርቅ ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ ሲረጥብ ይወርዳል። እስኪለመድ ድረስ ግራ ያጋባል።

የመጀመሪያው በአየር 792፣ በውሃ 371 ሰጠኝ። ሁለተኛው 768 እና 388። ሦስተኛው በአየርም ሆነ በውሃ ፍንክች አይልም።

ሽቦ ቀየርኩ፣ ፒን ቀየርኩ፣ ያው ነው። በመጨረሻ ማጉያ መነጽር አምጥቼ ቺፑ ላይ የተጻፈውን አነበብኩ። ኤንኢ555 ነው። ይህ ቺፕ ቢያንስ 4.5 ቮልት ይፈልጋል፣ እኔ የሰጠሁት 3.3 ነው። የሁለቱ ጤነኞች ቺፕ ቲኤልሲ555 ነው፣ እሱ ከ2 ቮልት ጀምሮ ይሠራል። ከውጭ ሲታዩ ሦስቱም ቁርጥ አንድ ናቸው። ገና ሳትገዙ ፎቶውን አጉልታችሁ ቺፑን ማየት ብትችሉ አንድ ቀን ታተርፋላችሁ።

ጤነኞቹም ቢሆኑ ቁጥራቸው እኩል አይደለም። ለአንዱ የሠራሁትን ሒሳብ ለሌላው ማዋስ አይቻልም። ጀርባቸው ላይ «ሀ» እና «ለ» ብዬ ጻፍኩባቸው።

ቀን 3

ኮድ። ሴንሰሮቹ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ እንዳይጠጡ የሚበሉትን ከአንድ ዲጂታል ፒን ሰጠኋቸው። እያንዳንዳቸው 5 ሚሊአምፒር ገደማ ይወስዳሉ፣ ፒኑ 20 ያለ ችግር ይችላል። ሲለካ ፒኑ ይበራል፣ ሲጨርስ ይጠፋል።

ከበራ በኋላ ግን ወዲያው ማንበብ አይቻልም። በየ50 ሚሊሰከንዱ እያተምኩ ስመለከት ቁጥሩ የሚረጋው ግማሽ ሰከንድ አካባቢ ቆይቶ ነው። አንድ ሙሉ ሰከንድ ሰጠሁት። ከዚያ 15 ጊዜ ያነባል፣ በቅደም ተከተል ይደረድራል፣ መሐል ላይ ያለውን ይወስዳል። አማካይ ያልወሰድኩት አንድ ያበደ ንባብ አማካዩን ይዞት ስለሚሄድ ነው። መሐለኛውን ግን አይነካውም።

ፋይሉ ተራ ሲኤስቪ ነው፣ ቁጥሮቹ በነጠላ ሰረዝ የተለዩበት ጽሑፍ። ቀን፣ ሰዓት፣ ሀ፣ ለ፣ የባትሪ ቮልት፣ የሰዓቱ ሞጁል የሚያነበው ሙቀት። ለፋይሉ ረዘም ያለ ስም ሰጥቼው ነበር፣ አልከፍት አለ። ለካ ከአርዱይኖ ጋር የሚመጣው የኤስዲ ላይብረሪ ከነጥቡ በፊት ከ8 ፊደል በላይ አይቀበልም። ችግሩ ይህን ብሎ አይነግራችሁም፣ ዝም ብሎ አይጽፍም። አሁን ፋይሉ ካልተከፈተ ቀዩ መብራት አምስት ጊዜ ብልጭ እንዲል አድርጌያለሁ።

በመቶኛ አልመዘግብም። ጥሬውን ቁጥር ብቻ ነው የምጽፈው። ሒሳቡ ነገ ሊሻሻል ይችላል፣ ጥሬው ካለኝ የወሩን ሁሉ መልሼ አሰላዋለሁ። መሣሪያው መቶኛ ብቻ ጽፎልኝ ሒሳቡ ስህተት ሆኖ ቢገኝ ግን ወሩ በሙሉ ከንቱ ቀረ ማለት ነው።

ቀን 5

እንቅልፍ። መልቲሜትሩን በባትሪው መስመር መሐል አስገብቼ ለካሁ። ተኝቷል የተባለው መሣሪያ 1.6 ሚሊአምፒር ይወስዳል። የ2500 ሚሊአምፒር-ሰዓት ባትሪ በዚህ አካሄድ ሁለት ወር ብቻ ነው።

ሌባው መብራት ነው። ቦርዱ ላይ አንድ፣ ሰዓቱ ሞጁል ላይ አንድ፣ ቀን ከሌት የሚበሩ ትንንሽ መብራቶች። ሁለቱንም ነቀልኩ። ንባቡ ወደ 0.19 ወረደ። በየ15 ደቂቃው ለሦስት ሰከንድ ሲነቃ የሚወስደውን 20 ሚሊአምፒር ብጨምርበት አማካዩ 0.26 አካባቢ ነው። ወረቀት ላይ ከዓመት በላይ ይሄዳል። ባትሪው ራሱ እያረጀ ስለሚሄድ ይህን ያህል አልጠብቅም፣ ግማሹም ይበቃኛል።

ቀን 6

ማታ ጠረጴዛ ላይ ትቼው ተኛሁ። ጠዋት ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ሳስገባው ሦስት መስመር ብቻ ተጽፏል። ባትሪው ሙሉ ነው፣ ሰዓቱም ይሄዳል። መሣሪያው ግን ተኝቶ ቀርቷል።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት አላርሙን ነው። ዲኤስ3231 ሰዓቱ ሲደርስ የኢንተራፕቱን መስመር (አርዱይኖውን የሚቀሰቅሰውን ሽቦ) ወደ ታች ይጎትታል፣ እናንተ የአላርሙን ፍላግ (ሰዓቱ መድረሱን የሚይዘውን ምልክት) እስክታጠፉለት ድረስም እዚያው ይዞት ይቆያል። ካላጠፋችሁት ሁለተኛ አይቀሰቅስም። ኮዱን አየሁት፣ አጥፍቼዋለሁ። ከዚያ ካርዱን ጠረጠርኩ፣ ሌላ ካርድ አስገባሁ። ከዚያ ብየዳውን ጠረጠርኩ፣ ሁሉንም እንደገና በየድኩ።

ቀን 7

ዛሬ ደግሞ ሁለት መስመር።

ሁለቱን ፋይሎች ጎን ለጎን ከፍቼ ዝም ብዬ አየኋቸው። የመጀመሪያው፦ 15፣ 30፣ 45። ሁለተኛው፦ 30፣ 45። ሁለቱም የቆሙት 45ኛው ደቂቃ ላይ ነው። ያኔ ገባኝ። ኮዱ የሚቀጥለውን አላርም የሚሞላው አሁን ባለው ደቂቃ ላይ 15 ደምሮ ነው፣ 45 ሲደመር 15 ደግሞ 60 ነው። ሰዓት ላይ 60ኛ ደቂቃ የሚባል የለም፤ ከ59 በኋላ 0 ነው። መሣሪያዬ የማይመጣ ደቂቃ እየጠበቀ ነበር የሚያድረው።

ማስተካከያው አንድ መስመር ነው፣ ድምሩ ለ60 ተካፍሎ ቀሪው ይወሰድ። አብሬ አንድ ሌላ ነገር ጨመርኩ። ካርዱ ቀርፋፋ ሆኖ መጻፉ ከዘገየና የሚሞላው ደቂቃ ካለፈ፣ ያ አላርም ሊመጣ ገና አንድ ሰዓት ይቀረዋል። ስለዚህ ከመተኛቱ በፊት ሰዓቱን አንድ ጊዜ አይቶ ካለፈ ወደ ቀጣዩ ይዘላል። ብየዳውን ስነካካ የዋልኩበትን ቀን ሳስብ፣ ከሁሉ በፊት ፋይሉን በደንብ ማንበብ ነበረብኝ። መልሱ እዚያው ተጽፎ ነበር።

ቀን 9 እስከ 15

ዋናው ሥራ ይህ ነው፣ ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው።

የተለመደው አካሄድ የአየሩን ንባብ 0 በመቶ፣ የውሃውን 100 በመቶ ብሎ መሐሉን ማከፋፈል ነው። አፈር ግን መቼም መቶ በመቶ ውሃ ሊሆን አይችልም። በቅንጣቶቹ መሐል ያለውን ባዶ ቦታ ያህል ብቻ ነው የሚይዘው። የኔን አፈር በዓይኔ ማየት ፈለግኩ፣ ስለዚህ ከመደቡ አንድ ባልዲ አመጣሁ።

መጀመሪያ ድንጋዩንና ሥሩን ለቀምኩ። በስሱ ትሪ ላይ ዘርግቼ ኦቭን ውስጥ በ105 ዲግሪ 24 ሰዓት አቆየሁት። የአፈር ላቦራቶሪ የሚጠቀምበት ሙቀትም ይኸው ነው። ቤቱ በሙሉ ዝናብ የመታው መሬት ሸተተ። አውጥቼ መዘንኩ፣ ሁለት ሰዓት መልሼ አስገባሁት፣ እንደገና መዘንኩ። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው።

አንድ ሊትር ላይ ምልክት ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ወሰድኩ። አፈሩን በየንብርብሩ በጣቴ ጠቅጠቅ እያደረግኩ ልክ እስከ ምልክቱ ሞላሁት፣ ሜዳው ላይ እንዳለው ዓይነት ጥብቀት እንዲኖረው። 1240 ግራም ያዘ። የአፈር ማዕድን ራሱ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 2.65 ግራም ገደማ ይመዝናል። 1.24ን ለ2.65 ሳካፍለው 0.47 መጣ፤ ከዕቃው 47 በመቶው ማዕድን፣ ቀሪው 53 በመቶ ባዶ ቦታ ነው። እንግዲህ ይህ አፈር ጢም ብሎ ውሃ ቢሞላ እንኳ 53 በመቶ ነው ጣሪያው።

ከዚያ ውሃ እየመዘንኩ መጨመር። 80 ግራም ውሃ በአንድ ሊትር አፈር 8 በመቶ ነው። ሁሉንም አፈር ገልብጬ ከውሃው ጋር በእጄ አሸሁት፣ መልሼ እስከ ምልክቱ ጠቀጠቅኩ፣ ከደንኩ፣ አሳደርኩ። ማሳደሩን አትዝለሉት። ወዲያው ብትለኩት ውሃው ጓል ጓሉ ላይ ተሰብስቦ ነው የሚገኘው፣ በአንዱ ጎን የሚነበበውና በሌላው የሚነበበው አይገናኝም። ሲያድር ግን ይዳረሳል። ጠዋት ሁለቱንም ሴንሰሮች ተራ በተራ እሰካለሁ፣ አነባለሁ፣ ሌላ 80 እጨምራለሁ።

የ«ሀ» ውጤት፦ በደረቁ 748፣ በ8 በመቶ 655፣ በ16 በመቶ 548፣ በ24 በመቶ 462፣ በ32 በመቶ 415። የ«ለ»፦ 727፣ 641፣ 541፣ 463፣ 421።

ቁጥሮቹን ተመልከቱ። ከ8 ወደ 16 ሲሄድ «ሀ» 107 ወረደ። ከ24 ወደ 32 ግን 47 ብቻ። መስመሩ ቀጥ ያለ አይደለም፣ እርጥበቱ ሲበዛ ይተኛል። አሁን 548ን በተለመደው የአየርና የውሃ አከፋፈል ላሰላው። 58 በመቶ ይላል። እውነቱ 16 ነው። በዚያ አካሄድ ብሄድ ኖሮ አትክልቴ እየተጠማ ግማሹ ውሃ ነው ብዬ አምን ነበር።

ለመቶኛው የተወሳሰበ ቀመር አላወጣሁም። ኮምፒውተሩ ላይ በሁለት ነጥቦች መሐል ቀጥታ መስመር ነው የምስበው። አምስት ነጥብ ብቻ ይዤ ከዚያ በላይ መራቀቅ ያልለካሁትን እንደለካሁ ማስመሰል ይሆንብኛል።

ቀን 16

ማረጋገጫ። «ሀ»ን መደቡ ላይ ሰካሁት፣ 21 በመቶ አለ። እዚያው አጠገቡ 200 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ክፍት ቆርቆሮ መሬት ውስጥ ገፍቼ፣ አፈሩን ሳይበተን አውጥቼ መዘንኩና አደረቅኩት። 39 ግራም ቀነሰ። ለ200 ሲካፈል 19.5 በመቶ ነው። አንድ ተኩል ያህል ይለያያሉ። ደስ ብሎኛል። አሁን ቁጥሩ የሚታመን ሆነ።

ቀን 18

ቀበራ። የሴንሰሩ ጠርዝ ዙሪያውን የተቆረጠ ሰሌዳ ስለሆነ ውሃ በዚያ ይሰርጋል። ጠርዙን በጥፍር ቀለም ሦስት ጊዜ ቀባሁት። ቺፑ ያለበትን የላይኛውን ክፍል ኢፖክሲ ሞላሁበትና በሙቀት የሚሟሽሽ ቱቦ አለበስኩት። ከማሸጉ በኋላ አንድ ሁለቱን ነጥብ ደግሜ ለካሁ፣ ብዙም አልተቀየረም።

ጉድጓዱን ከመደቡ ዳር ቆፈርኩ። ሴንሰሮቹን ግን በተቆፈረው አፈር ውስጥ አልቀበርኳቸውም። ያልተነካው ግድግዳ ላይ በቢላዋ ስንጥቅ ከፍቼ ወደ ጎን ገፋኋቸው። እዚህ ላይ ሰው ሊቸኩል አይገባም። በሴንሰሩና በአፈሩ መሐል ስስ የአየር ክፍተት ከቀረ ሴንሰሩ የሚያየው አየሩን ነው፣ አፈሩ ቢረጥብም ደረቅ ይላል። «ለ» ድንጋይ ነክቶ አልገባ ብሎኝ ሁለት ጊዜ ቦታ ቀየርኩለት።

ገመዱን ከሴንሰሩ በታች ዝቅ አድርጌ አጥፌ ነው ወደ ላይ ያወጣሁት፣ ከላይ የሚወርድ ውሃ ገመዱን ተከትሎ ሴንሰሩ ላይ እንዳይደርስ። ሳጥኑ ጋም እንዲሁ።

ቀን 22

አራት ቀን ሙሉ ሳይቋረጥ መዝግቧል፣ በቀን 96 መስመር። ግን የ10 ሴንቲሜትሩ መስመር ማዕበል አለው። በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ከፍ ይላል፣ ሌሊት ይወርዳል። ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ውሃ ሳይጠጣ፣ አፈር እንዴት ይረጥባል?

ሙቀት ነው ብዬ ጠረጠርኩና ፈተንኩት። ጉድጓዱ ውስጥ ያሉትን አልነካሁም። እንደነሱ ቲኤልሲ555 ያለበት አንድ ሌላ ሴንሰር እርጥብ አፈር ከሞላው ዕቃ ውስጥ ከትቼ አፉን አሸግኩት፣ አብሮ ዲኤስ18ቢ20 የሙቀት መለኪያ። ውሃው አይወጣም አይገባም። ጥላ ውስጥ 18 ዲግሪ ላይ አነበብኩ፣ ፀሐይ ላይ አስቀምጬ 34 ሲደርስ አነበብኩ። በቁጥር 11 ወረደ። በመቶኛ ወደ አንድ ገደማ፣ ከማዕበሉ ጋር ይቀራረባል። አንድ ጊዜ የሙቀት መለኪያው 85 ዲግሪ ብሎ አስደነገጠኝ። እሱ ሲበራ መጀመሪያ የሚይዘው ቁጥር 85 ነው፤ ልኬቱን እስኪጨርስ 750 ሚሊሰከንድ መጠበቅ ነበረብኝ።

ማስተካከያ ቀመር ላወጣለት አሰብኩና ተውኩት። ቀንን ከቀን ሳነጻጽር የንጋቱን ንባብ ብቻ እወስዳለሁ። ያኔ ሙቀቱ በየቀኑ ተቀራራቢ ነው።

ቀን 27

የፈለግኩት መልስ መጣ፣ ደስ የሚል ግን አይደለም። በየቀኑ የማጠጣው ለ10 ደቂቃ ነው። የ10 ሴንቲሜትሩ መስመር በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከ17 ወደ 29 በመቶ ይዘላል፣ እስከ ማግስቱ ይወርዳል፣ እንደገና ይዘላል። የ30ው ግን 13 ላይ ተኝቷል። ዘጠኝ ቀን ሙሉ። አንድ ጊዜ እንኳ አልተነቃነቀም። ያን ሁሉ ውሃ የጠጣው የላዩ አፈርና ፀሐይዋ ናት።

ቀን 29

ሁለት ቀን ሳላጠጣ ቆየሁ። ዛሬ ጠዋት ውሃውን ቀጭን አድርጌ ለአንድ ሰዓት ተኩል ተውኩት፣ እንዳይጎርፍ። ከሰዓት በኋላ ሳጥኑን ከፍቼ ካርዱን አወጣሁ። የ30ው መስመር ውሃው ከተከፈተ ከአምስት ሰዓት በኋላ መነሳት ጀምሯል። 13፣ 14፣ 16።

ቀን 34

የ30ው መስመር በቀን 29 ማታ 22 በመቶ ላይ ደርሶ ቆመ። ከዚያ በኋላ አላጠጣሁም። ዛሬ የአምስቱን ቀን ስስለው የ30ው መስመር ደረጃ ሠርቷል። ፀሐይ ስትወጣ መውረድ ይጀምራል፣ ምሽት ላይ ይቆማል፣ ሌሊቱን ሙሉ ቀጥ ብሎ ይተኛል፣ ጠዋት እንደገና ይወርዳል። በቀን 0.7 በመቶ ገደማ።

ሙቀት ነው እንዳልል፣ ሙቀት በኔ ሴንሰር ላይ ቀን ቀን እርጥበቱን ከፍ አድርጎ ነው የሚያሳየው፣ ይህ ደግሞ ቀን ይወርዳል። ወደ ታች እየሰረገ ነው እንዳልል፣ ስርገት ሌሊት አያርፍም። ሥሩ ነው። ቅጠሉ ፀሐይ ላይ ሲተነፍስ ሥሩ ከ30 ሴንቲሜትር ውሃ እየሳበ ነው፣ ሲመሽ ያቆማል።

ደረጃዎቹን አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። አምስት ናቸው። ዛሬ ቀትር ላይ መደቡ ጋ ሄጄ ነበር፣ ቅጠሉ ቀጥ ብሎ ቆሟል።